በአሮጌው ዲስክ ላይ ያለው ሁሉ በአዲሱ ላይ አለ? የአንድ ፕሮግራም የሥራ ሂደት ማስታወሻ

1ኛ ሳምንት፦ ስሞችን ማወዳደር

ለዓመታት ፋይሎች ሲጠራቀሙበት የኖረ አንድ አሮጌ ዲስክ አለኝ። አብዛኛው ይዘቱ በተለያየ ጊዜ ወደ አዲስ ዲስክ ተገልብጧል፤ ነገር ግን ምን መቼ እንደተገለበጠ የሚናገር መዝገብ የለም። አሮጌውን አጥፍቼ ለሌላ ሥራ ከማዋሌ በፊት በእሱ ላይ ያለው ሁሉ በአዲሱ ላይ መኖሩን የሚያረጋግጥ ፕሮግራም በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ልጽፍ ተነሥቻለሁ። አሮጌው 80,000 ያህል ፋይሎችና 600 ጊጋባይት ይዘት አለው፤ አዲሱ 120,000 ያህል ፋይሎች አሉት። በሒሳብ አነጋገር ጥያቄው የመጀመሪያው ስብስብ የሁለተኛው ንዑስ ስብስብ ነው ወይ የሚል ነው። አዲሱ ትርፍ ነገር ቢኖረው ግድ የለም፤ ከአሮጌው አንድ አባል እንኳ ቢጎድል ግን መልሱ «አይደለም» ይሆናል።

በመጀመሪያው ሙከራ የሁለቱንም ዲስኮች የፋይል ስሞች ከነፎልደር መንገዳቸው በሁለት ሊስቶች፣ ማለትም በተራ ዝርዝሮች፣ ሰበሰብሁና የአሮጌውን እያንዳንዱን ስም በአዲሱ ሊስት ውስጥ እየፈለገ የጎደሉትን የሚቆጥር አጭር ኮድ ጻፍሁ። ሥራው ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ፈጀ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሊስትን «ይህ በውስጥህ አለ ወይ» ብሎ መጠየቅ ከመጀመሪያው አባል ጀምሮ አንድ በአንድ ማወዳደር ስለሆነ፣ በከፋ ሁኔታ 80,000 በ120,000 ተባዝቶ 9.6 ቢሊዮን ንጽጽር ይደርሳል። አዲሱን ሊስት ወደ ፓይተን የስብስብ ዓይነት ስለውጠው ፍለጋው የእያንዳንዱን አባል ቦታ ከአባሉ ከራሱ በሚያሰላ የሃሽ ሠንጠረዥ የሚደረግ ስለሆነ እያንዳንዱ ጥያቄ በአማካይ የስብስቡ መጠን የማይነካው ቋሚ ጊዜ ብቻ ይወስዳል፤ ጠቅላላው ሥራ ከአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ በታች ወረደ።

መልሱ ግን የሚጠቅም አልነበረም፤ 11,412 ፋይሎች ጎድለዋል ይላል። ጥቂቶቹን ከፍቼ ስመለከት ከሞላ ጎደል ሁሉም በአዲሱ ላይ አሉ፤ የተቀመጡበት ፎልደር ስሙ ስለተለወጠ ብቻ መንገዳቸው አልገጠመም። እኔ የምፈልገው የይዘትን መኖር ሆኖ ሳለ ፕሮግራሙን የጠየቅሁት ስለ አድራሻ ነበር።

በዚሁ ሳምንት ሁለት ነገሮችን አስተካከልሁ። አንደኛው፣ «አዎ» ወይም «አይደለም» ብቻ የሚመልሰውን መስመር አውጥቼ በልዩነት ተካሁት። ፓይተን የግዕዝ ፊደላትን በተለዋዋጭ ስም ስለሚቀበል መስመሩ እንዳለ ይኸው ነው፦

ጎደሎ = አሮጌ - አዲስ

ጎደሎው ባዶ ከሆነ አሮጌው በአዲሱ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አለ ማለት ነው፤ ባዶ ካልሆነ ደግሞ የትኞቹ እንደጎደሉ በእጄ ነው። ሁለተኛው በሪፖርቱ ላይ የነበረ የአስተሳሰብ ስህተት ነው። «አሮጌ <= አዲስ» ሐሰት በሚሆንበት ቅርንጫፍ ላይ «አሮጌው ይበልጣል» የሚል መልእክት አስቀምጬ ነበር። ለቁጥሮች እንዲህ ማለት ይቻላል፤ ለስብስቦች ግን ምልክቱ የመጠን ሳይሆን የመካተት ምልክት ስለሆነ ሁለቱም አቅጣጫዎች በአንድ ጊዜ ሐሰት ሊሆኑ ይችላሉ፤ እያንዳንዱ ሌላው የሌለው ነገር ሲኖረው ማናቸውም የማናቸውም ንዑስ አይደሉም። የእኔ ሁለት ዲስኮች ያሉትም በዚሁ ሁኔታ ላይ ነው።

2ኛ ሳምንት፦ ይዘትን ማወዳደር

ለእያንዳንዱ ፋይል የሻ-256 ሃሽ፣ ማለትም ከይዘቱ የሚሰላ እንደ ጣት አሻራ የሚያገለግል ቁጥር፣ አስልቼ የስብስቡ አባል መንገዱ ሳይሆን ሃሹ እንዲሆን አደረግሁ። ወጪው ወዲያውኑ ታየ። 600 ጊጋባይት በሰከንድ 100 ሜጋባይት ቢነበብ 6,000 ሰከንድ፣ ማለትም አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይፈጃል። አሮጌው ዲስክ ተሽከርካሪ ስለሆነና ትንንሽ ፋይሎች ስለሚበዙበት በተግባር ወደ ሦስት ሰዓት ወሰደ።

ጊዜውን ለመቀነስ መጀመሪያ መጠንን ብቻ አወዳደርሁ። በአዲሱ ላይ ያንኑ ያህል ባይት ያለው አንድም ፋይል ከሌለ የአሮጌው ፋይል በእርግጥ ጎድሏል፤ ይዘቱን ማንበብ አያስፈልግም። ሐሳቡ ትክክል ቢሆንም ያተረፈልኝ ጊዜ ከጠበቅሁት በጣም ያነሰ ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ሥራ አብዛኞቹ ፋይሎች በአዲሱ ላይ ያሉ ናቸው፣ ያለውን አለ ለማለት ደግሞ እስከ መጨረሻው ባይት ከማንበብ በቀር መንገድ የለም። መካተትን ውድቅ ለማድረግ አንድ የጎደለ አባል ይበቃል፤ ለማጽደቅ ግን አንዱንም ሳያስቀሩ ሁሉንም መመርመር ግድ ነው። ፕሮግራሙ የሚፈጥነው መልሱ «አይደለም» በሚሆንበት ጊዜ ነው፤ እኔ የምመኘው መልስ ግን ውድ የሆነው ነው።

በሳምንቱ አጋማሽ የሠራሁት ስህተት ከባድ ነበር። ሪፖርቱ እንዲነበብ ብዬ ሃሹን ወደ መጀመሪያዎቹ 8 የሄክሳዴሲማል (በ16 መሠረት የሚጻፉ) አሃዞች አሳጠርሁት፤ ከዚያ በኋላ ይህንኑ ያጠረውን እሴት ለንጽጽርም እንደተጠቀምሁበት አላስተዋልሁም። 8 አሃዝ ማለት 32 ቢት፣ ወይም ወደ 4.29 ቢሊዮን የሚጠጉ የተለያዩ እሴቶች ማለት ነው። ከአሮጌውና ከአዲሱ የሚመሠረቱት ጥንዶች 9.6 ቢሊዮን ስለሆኑ ይዘታቸው ተለያይቶ ሳለ ያጠረው ሃሻቸው በአጋጣሚ የሚገጥም ጥንዶች በአማካይ ሁለት ያህል ይጠበቃሉ። ከነዚህ በአንዱ ውስጥ ያለው የአሮጌው ፋይል በእርግጥ የጎደለ ቢሆን ኖሮ ፕሮግራሙ «አለ» ብሎ ያሳልፈው ነበር። አሁን ንጽጽሩ የሚደረገው ሙሉ በሆነው 32 ባይት ጥሬ እሴት ነው፤ አጭሩ የሚታየው በሪፖርቱ ላይ ብቻ ነው።

ማኅደረ ትውስታ ለመቆጠብ የብሉምን ማጣሪያም አሰብሁ። በርተን ብሉም በ1970 ያቀረበው ይህ አወቃቀር አባላቱን ራሳቸውን ሳያስቀምጥ በጥቂት ቢቶች ብቻ «ምናልባት አለ» ወይም «በእርግጥ የለም» ብሎ ይመልሳል፤ የ1 በመቶ ስህተት ለሚቀበል ሰው ለአንድ አባል 9.6 ቢት ያህል ይበቃዋል። ለ120,000 አባላት ይህ ወደ 144 ኪሎባይት ነው። ነገር ግን ሙሉዎቹ ሃሾች ራሳቸው በጥሬው ከ4 ሜጋባይት አይበልጡም፤ ስለዚህ ቁጠባው አያስፈልግም። ከዚያም በላይ ማጣሪያው የሚሳሳተው ሁልጊዜ «አለ» በሚለው በኩል ነው። በይዘት ሳወዳድር የጎደሉት 312 ሆነው ተገኝተዋል፤ በ1 በመቶ ስህተት ከነዚህ ሦስት ያህሉ እንዳሉ ተቆጥረው ይጠፉ ነበር። ስለዚህ ተውሁት።

312ቱን ፋይሎች ወደ አዲሱ ዲስክ ገለበጥሁ።

3ኛ ሳምንት፦ ባዶው ስብስብ

ግልበጣው መሳካቱን ለማየት ፕሮግራሙን እንደገና አስነሣሁ። ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ «ጎደሎ፦ 0። ሁሉም አለ።» አለ። የማጥፊያው ትእዛዝ በሌላ መስኮት ተጽፎ ተዘጋጅቶ ነበር። እጄን የያዘው ጊዜው ነው፤ ትናንት ሦስት ሰዓት የፈጀ ንባብ ዛሬ በአንድ ሰከንድ ሊያልቅ አይችልም።

የሆነው ይህ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሣ አሮጌው ዲስክ አልተያያዘም። ዲስኩ የሚያያዝበት ፎልደር ግን ባዶውን እዚያው አለ። ፎልደሮችን የሚያስሰው የፓይተን ፈንክሽን፣ ማለትም በኦኤስ ሞጁል ውስጥ ያለው ዎክ፣ ባዶ ፎልደር አግኝቶ አንድም ፋይል ሳይመልስ ጨረሰ። አሮጌው ባዶ ስብስብ ሆነ፤ ባዶ ስብስብ ደግሞ የማንኛውም ስብስብ ንዑስ ነው። ትርጉሙ እንዲህ ያስገድዳል፤ አንድ ስብስብ በሌላው ውስጥ የለም ለማለት ከመጀመሪያው ውስጥ በሁለተኛው የማይገኝ አንድ አባል ማሳየት ያስፈልጋል፣ ባዶው ግን የሚያሳየው አባል የለውም። ሒሳቡም ፓይተንም ትክክል ናቸው። የተሳሳተው ያነበብሁት ነገር አሮጌው ዲስክ መሆኑን ሳላረጋግጥ የጠየቅሁት እኔ ነኝ።

የመጀመሪያው ማስተካከያ ቀላል ነበር፤ አሮጌው ባዶ ከሆነ ፕሮግራሙ በስህተት መልእክት ይቆማል፣ ከመልሱ በፊትም የሁለቱን ስብስቦች ብዛት ያትማል። ነገር ግን ይህ በቂ እንዳልሆነ ስገነዘብ ጊዜ አልወሰደብኝም፤ ሙሉ በሙሉ ባዶ መሆን ከጎደሎ ንባብ ሁሉ በቀላሉ የሚታየው ነው። ከፊሉ ብቻ ሳይነበብ ቢቀርስ? የዎክን ሰነድ እንደገና አነበብሁ። ፈንክሽኑ አንድን ፎልደር መክፈት ሲያቅተው በነባሪ አሠራሩ ስህተቱን በዝምታ አልፎ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል፤ መንገዱ ጭራሹን የሌለ እንኳ ቢሆን አይጮኽም። ስህተትን ለማወቅ ኦንኤረር የተባለውን ፓራሜትር መስጠት ያስፈልጋል። ሰጠሁት፤ በአሮጌው ዲስክ ላይ የማንበብ ፈቃድ የሌለኝ ሦስት ፎልደሮች ብቅ አሉ። በውስጣቸው 640 ፋይሎች ነበሩ። ባለፈው ሳምንት ያየሁት 80,000 ቁጥር እነዚህን አልያዘም ነበር፤ ከነሱም 57ቱ በአዲሱ ላይ አልነበሩም።

በዚህ ጊዜ ቆም ብዬ በወረቀት ላይ አንድ ነገር አሰላሁ። «ግራ በቀኝ ውስጥ አለ» በሚለው ጥያቄ የሁለቱ ወገኖች ስህተት እኩል አይደለም። ከቀኙ፣ ማለትም ከአዲሱ፣ አንድ ፋይል ሳይነበብ ቢቀር በእርግጥ ያለው እንደጎደለ ይቆጠራል፤ ውጤቱ ትርፍ ሥራ ነው። ከግራው አንድ ፋይል ሳይነበብ ቢቀር ግን ጥያቄው ስለ እሱ ጨርሶ አይነሣም፣ መልሱም ወደ «ሁሉም አለ» ያዘነብላል፤ ውጤቱ የማይመለስ ጥፋት ነው። ስለዚህ በፕሮግራሙ ውስጥ የግራው ማንኛውም የንባብ ስህተት ሥራውን ያስቆማል፤ የቀኙ ግን በማስጠንቀቂያ ይታለፋል። በተጨማሪ በግራው የተነበቡት ፋይሎች ጠቅላላ መጠን ስርዓተ ክወናው «ተይዟል» ከሚለው የዲስክ መጠን ጋር እንዲነጻጸር አደረግሁ። ፋይሎች በብሎክ ስለሚቀመጡ ሁለቱ ቁጥሮች በትክክል አይገጥሙም፤ ቢሆንም ትልቅ ክፍተት ካለ ያልተነበበ ነገር መኖሩን ይጠቁማል።

4ኛ ሳምንት፦ መረጃ ቋትና ነል

በየጊዜው ሦስት ሰዓት ላለመጠበቅ የእያንዳንዱን ፋይል መንገድ፣ መጠን፣ የተሻሻለበትን ጊዜና ሃሽ በኤስኪውላይት መረጃ ቋት ውስጥ ማስቀመጥ ጀመርሁ። ጎደሎውንም የመረጃ ቋት መጠየቂያ ቋንቋ በሆነው በኤስኪውኤል ለማውጣት ሞከርሁ፤ ሃሹ በአዲሱ ሠንጠረዥ ሃሾች ውስጥ የሌለውን የአሮጌውን ረድፍ በኖት ኢን («በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም») የሚመርጥ ጥያቄ ጻፍሁ። መልሱ ዜሮ ረድፍ ሆነ። 57ቱ ፋይሎች ገና ስላልተገለበጡ ዜሮ ሊሆን እንደማይችል አውቅ ነበር።

ምክንያቱን ለማግኘት አንድ ሙሉ ቀን ፈጀብኝ። በአዲሱ ዲስክ ላይ መነበብ ያልቻለ አንድ ፋይል ነበርና በሃሹ ቦታ ነል ተመዝግቧል። በኤስኪውኤል ነል ማለት የማይታወቅ እሴት ስለሆነ ከእሱ ጋር የሚደረግ ንጽጽር እውነትም ሐሰትም ሳይሆን «አይታወቅም» ይሆናል። የኖት ኢን ጥያቄ አንድ ሃሽ ከዝርዝሩ ውስጥ ከሁሉም እንደሚለይ ማረጋገጥ አለበት፤ ከነሉ መለየቱን ማረጋገጥ ስለማይችል አንድም ረድፍ አይመርጥም። ባለፈው ሳምንት የቀኝ ስህተት ጉዳት እንደሌለው ጽፌ ነበር፤ እዚህ ግን በቀኝ በኩል ያለ አንድ ያልተነበበ ፋይል ሁሉንም ጎደሎ ሸፈነው። ደንቤ የሚሠራው ያልተነበበው ነገር ከስብስቡ ሲወጣ ነው እንጂ በስብስቡ ውስጥ እንደ አባል ሲገባ አይደለም።

ጥያቄውን «የሚገጥም ረድፍ የለም ወይ» ብሎ በሚጠይቀው በኖት ኤግዚስትስ ስጽፈው 57ቱ ፋይሎች ወጡ። ከአንዱ ውጤት ሌላውን የሚቀንሰውን ኤክሴፕትንም ሞክሬ ትቼዋለሁ፤ እሱ ሁለት ነሎችን እንደ አንድ ስለሚቆጥር በአሮጌው ያልተነበበ ፋይል በአዲሱ ካልተነበበ ሌላ ፋይል ጋር ይገጥማል። ይህን ካየሁ በኋላ የፓይተኑን ኮድ መለስ ብዬ ስመረምር ያው ችግር እዚያም ተቀምጦ አገኘሁት፤ ሃሹ ሊሰላ ያልቻለ ፋይል ኖን የተባለው የፓይተን «ምንም የለም» እሴት ይሰጠው ነበር፣ ፓይተን ደግሞ ኖንን ከኖን ጋር እኩል ስለሚል ሁለት የማይነበቡ ፋይሎች አንድ ይዘት እንዳላቸው ተቆጥረዋል። አሁን ያለ ሃሽ የሚገባ አባል የለም።

5ኛ ሳምንት፦ ብዛት፣ ባዶ ፋይሎችና ስሞች

አንድ ፋይል በአሮጌው ላይ በሦስት ቦታ ካለና በአዲሱ በአንድ ቦታ ብቻ ካለ ተካትቷል ወይስ አልተካተተም? ስብስብ ድግግሞሽን ስለማያውቅ «አዎ» ይላል። ለፎቶዎች ይህ የምፈልገው መልስ ነው። ለፕሮግራም ፎልደሮች ግን አይደለም፤ ያው የቅንብር ፋይል በሦስት ፕሮጀክቶች ውስጥ ቢኖር ሦስቱም ያስፈልጉታል። በብዛት ለማወዳደር ካውንተር የተባለውን የፓይተን ዓይነት ተጠቀምሁ፤ ከፓይተን 3.10 ጀምሮ «<=» የሚለው ምልክት ለካውንተርም እያንዳንዱን ቁጥር በቁጥሩ እያወዳደረ ይሠራል፣ መቀነሱ ደግሞ ስንት ቅጂ እንደጎደለ ያሳያል።

ካውንተሩ አንድ ያላሰብሁትን ነገር ከላይ አወጣው። በአሮጌው ላይ ከሁሉ አብልጦ የተደጋገመው ይዘት 1,900 ጊዜ ያህል ነበር፤ እሱም ባዶው ፋይል ነው። ዜሮ ባይት ያላቸው ፋይሎች ሁሉ አንድ ሃሽ አላቸው፤ ስለዚህ በአዲሱ ላይ አንድ ባዶ ፋይል ካለ 1,900ዎቹ ሁሉ እንዳሉ ይቆጠራሉ። ባዶ ፋይል ጥቅም የለውም ማለት አይቻልም፤ በፓይተን ጥቅሎች ውስጥ ኢኒት የሚባለው ፋይል ብዙ ጊዜ ባዶ ነው፣ ትርጉሙም ያለው በስሙና በቦታው ላይ ነው። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ምርመራ አስቀመጥሁ፤ ለፎቶና ለሰነድ ፎልደሮች አባሉ ሃሹ ብቻ ነው፣ ለፕሮግራም ፎልደሮች ደግሞ አባሉ የመንገድና የሃሽ ጥንድ ነው። ጥንዶቹ የማይለወጥ ዝርዝር በሆነው በቱፕል መቀመጥ አለባቸው፤ ሊስት ሊለወጥ ስለሚችል ሃሽ የለውም፣ የስብስብ አባልም ሊሆን አይችልም።

ይህን በየፎልደሩ ስሠራ ፕሮግራሙ ግማሽ ደቂቃ ያህል ዘገየ። የአዲሱን ጥንዶች በሊስት ይዤ ለእያንዳንዱ ፎልደር ንዑስ መሆንን የሚጠይቀውን ኢዝሰብሴት የተባለውን ሜተድ እጠራ ነበር። ሜተዱ ማንኛውንም ተከታታይ ነገር ስለሚቀበል ቅሬታ አላሰማም፤ ነገር ግን በውስጡ ሊስቱን በየጥሪው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያልፍበታል፤ ለ4,000 ፎልደሮች ማለት 120,000 አባላትን 4,000 ጊዜ ማለፍ ነው። «<=» የሚለው ምልክት ግን በሁለቱም ወገን ስብስብ ካልሆነ በስህተት ይቆማል። ለዚህ ሥራ ጥብቁን እመርጣለሁ፤ ከዚህ በኋላ ምልክቱን ብቻ እጠቀማለሁ።

መንገዶች ወደ አባልነት ከተመለሱ የስም ችግርም ተመለሰ። አሮጌው ዲስክ ከዓመታት በፊት በኤችኤፍኤስ ፕላስ የፋይል ስርዓት ከተሠራበት ማክኦኤስ የመጡ ፋይሎች አሉት፤ ያ ስርዓት ምልክት ያለባቸውን የላቲን ፊደላት ፊደሉንና ምልክቱን ለያይቶ ያስቀምጥ ነበር፣ በሌላ ቦታ ግን ያው ስም በአንድ ኮድ ይጻፋል። በዓይን አንድ የሆኑ ስሞች በባይት ይለያያሉ። ሁለቱንም ወገን ፊደሉንና ምልክቱን በአንድ ኮድ ወደሚያዋህደው ኤንኤፍሲ የተባለ የዩኒኮድ መልክ ስለውጥ 40 ያህል ሐሰተኛ ጎደሎዎች ጠፉ። በአማርኛ ስሞች ላይ ግን ይህ ለውጥ ምንም አያደርግም፤ «ሰነድ» እና «ሠነድ» ለአንባቢ አንድ ቃል ቢሆኑም ለዩኒኮድ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ሞክሼ ፊደላትን አንድ የሚያደርግ ኮድ ልጨምር አስቤ ተውሁት፤ በአንድ ፎልደር ውስጥ በሁለቱም አጻጻፍ ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ሊኖሩ ስለሚችሉ አንድ ማድረጉ ስህተቱን ወደ «አለ» ወገን ይገፋዋል። እንዲህ ያሉት ሰባት ፋይሎች በዓይን ታይተው ተለይተዋል።

6ኛ ሳምንት፦ አገናኞችና የፎልደር መካተት

ከ57ቱ በኋላ ጎደሎው ዜሮ ሆነ። ማጥፋት ከመጀመሬ በፊት «ቀኙ በእርግጥ ከግራው የተለየ ነው ወይ» ብዬ ጠየቅሁ። አልነበረም። በአዲሱ ዲስክ ላይ ያሉ 23 ፋይሎች ፋይሎች ሳይሆኑ ወደ አሮጌው ዲስክ የሚያመለክቱ ሲምቦሊክ ሊንኮች ነበሩ። ዎክ ወደ ፎልደር የሚያመለክቱትን በነባሪ አይከተልም፤ ወደ ፋይል የሚያመለክቱትን ግን በፋይሎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባቸዋል፣ ሃሽ ለማስላት ሲከፈቱም የሚነበበው በሌላኛው ጫፍ ያለው ነው። ፕሮግራሙ የአሮጌውን ፋይል ከራሱ ጋር አወዳድሮ «አለ» ብሏል። ከቀኙ ሊንኮችን አስወጥቼ 23ቱን በእውነተኛ ቅጂ ተካሁ።

ከዚሁ ጋር የሚመሳሰል ሌላ አደጋም ዘጋሁ፤ ቀኙ ፎልደር በግራው ፎልደር ውስጥ ቢሆን ሁሉም ነገር ይገጥማል፣ ግራው ሲጠፋ ግን ቀኙም አብሮ ይጠፋል። ይህን ለመከልከል አንዱ መንገድ በሌላው ፊደላት ይጀምራል ወይ ብዬ ጻፍሁ፤ ወዲያው ተሳሳተ፣ ምክንያቱም «ዲስክ2» የሚለው ስም «ዲስክ» ብሎ ይጀምራል፤ በውስጡ ግን አይደለም። የመንገድ መካተት በፊደል ሳይሆን በፎልደር ክፍልፋዮች መታየት አለበት። በፓትሊብ ሞጁል ውስጥ ከፓይተን 3.9 ጀምሮ ያለው ኢዝ ሪላቲቭ ቱ የተባለው ሜተድ በክፍልፋይ ያወዳድራል፤ ነገር ግን የሚያየው ጽሑፉን ብቻ ስለሆነ ሁለቱን መንገዶች አስቀድሞ በሪዞልቭ ከሊንክና ከነጥብ ማጥራት ያስፈልጋል።

7ኛ ሳምንት፦ ፍተሻና ማጥፋት

አንድ ዘዴ ብቻውን እንዳይፈርድ ሁለተኛ፣ ከመጀመሪያው ጋር ኮድ የማይጋራ ማረጋገጫ ጻፍሁ። የሁለቱን ወገን ሃሾች ደርድሮ ሁለት ጠቋሚዎችን ጎን ለጎን እያራመደ ያነባል፤ እኩል ሲሆኑ ሁለቱም ይራመዳሉ፣ የቀኙ ሲያንስ የቀኙ ብቻ ይራመዳል፣ የግራው ሲያንስ ደግሞ ጎደሎ ተገኝቷል።

ሁለቱንም ዘዴዎች የፈተንሁት አራት አባላት ባሉት ትንሽ ዓለም ላይ ነው። አራት አባላት 16 ንዑሳን ስብስቦች አሏቸው፤ ስለዚህ ሊፈተኑ የሚችሉት ጥንዶች 256 ናቸው። ከነዚህ መካተት እውነት የሚሆንባቸው በትክክል 81 ናቸው፤ እያንዳንዱ አባል በሁለቱም ውስጥ፣ በቀኙ ብቻ፣ ወይም በማናቸውም ውስጥ ሳይኖር ሊቀር ይችላል፣ ሦስት ምርጫ ለአራት አባላት 81 ይሰጣል። የስብስቡ ዘዴ 81 አለ። አዲሱ ዘዴ ግን 146 አለ። ስህተቱ በመጨረሻው መስመር ላይ ነበር፤ የቀኙ ዝርዝር ሲያልቅ ዙሩ ይቆምና በግራው የቀረ ነገር ቢኖርም ባይኖርም እውነት ይመልሳል። ቀኙ ባዶ ቢሆን ግራው ምንም ይያዝ ምን «ሁሉም አለ» ይል ነበር። የግራው ጠቋሚ መጨረሻ መድረሱን የሚጠይቅ መስመር ሲጨመር 81 ሆነ።

በሪፖርቱም ላይ አንድ ትንሽ ነገር ተስተካከለ። ፓይተን ከ3.3 ጀምሮ የጽሑፍና የባይት ሃሽን በየሩጫው በዘፈቀደ ስለሚለዋውጥ ጎደሎው በየጊዜው በሌላ ቅደም ተከተል ይታተም ነበርና ሁለት ሪፖርቶችን ማወዳደር አይቻልም ነበር፤ ከመታተሙ በፊት ይደረደራል።

ለማጥፋቱ አሮጌው ዲስክ ለንባብ ብቻ ተያይዞ፣ በመረጃ ቋቱ የተቀመጡት ሃሾች ሳይታመኑ፣ ሁሉም ፋይል እንደ አዲስ ተነበበ። ሦስት ሰዓት ከሩብ ፈጀ። ሁለቱም ዘዴዎች ጎደሎ ዜሮ አሉ፤ በግራው 80,640 ፋይሎች፣ የንባብ ስህተት ዜሮ። ከዚያ ፎልደሩን ከነውስጡ የሚያጠፋ ትእዛዝ አልሰጠሁም። የተረጋገጡት ፋይሎች ዝርዝር ወጥቶ በዝርዝሩ ላይ ያለው እያንዳንዱ ፋይል ብቻ ተሰረዘ፤ ፎልደሮቹ ደግሞ ባዶ ያልሆነን ፎልደር በማይሰርዘው አርኤምዲር ከታች ወደ ላይ ተወገዱ። ፕሮግራሙ ያላየው ነገር ካለ ፎልደሩ አልጠፋም ብሎ ይቀራል።

ሁለት ፎልደሮች አልጠፉም። አንዱ ወደ ሌላ ፎልደር የሚያመለክት ሊንክ ብቻ ይዟል። በሌላው ውስጥ ሁለት ፋይሎች አሉ፤ ዲስኩ ለስረዛው እንደገና ለጽሕፈት ሲያያዝ ተከፍቶ የነበረ አንድ ፕሮግራም የጻፋቸው ናቸው፤ በዝርዝሩ ላይ ስላልነበሩ አልተነኩም። ሁለቱንም ከፍቼ አየኋቸው፤ አንዱ ጊዜያዊ ፋይል ነው፣ ሌላው ያልተቀመጠ ጽሑፌ ቅጂ ነው። ጽሑፉን ወደ አዲሱ ዲስክ ገለበጥሁት።